አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቀው በተን

ደብረ ብርሃን በይሉኝታ ምክንያት ሰው አልባ ከመሆን የተረፈችው ለጥቂት ነው። የሚጠራጠር ካለ ሄዶ የዚያን ዘመን ሱሪዎች ይመልከት። ያን ዓመት ቀበቶ መብሳት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ፣ ሰው ልጁን ለቀበቶ በሺ ለመዳር ሽማግሌ ሲጠባበቅ ይውል ነበር። ነፋስ በሚበረታበት ወር ደግሞ ልባም የሆነ ሰው ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ሳይከት ከደጅ አይወጣም፤ ያልከተቱት ጥቂቶች ሸኖ ከተማ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ተገኝተዋል ይባላል። ታዲያ ረሃብ ገብቶ እንዳይመስላችሁ። እህሉ ተትረፍርፎ የመጋዘኖቹ በር አልዘጋ ብሎ ነበር። ሰው የከሳው ምግብ አጥቶ ሳይሆን፣ “ምሳ ይቅረብልዎ?” ተብሎ ሲጠየቅ “አይ፣ ተመስገን” እያለ ነው። የጠየቀችው ደግሞ እማዋይሽ ናት።

እማዋይሽ “ሰኞ ማክሰኞ” በሚባለው የቪዲዮ ጌም ስቱዲዮ ውስጥ ፕሮግራመር ነበረች። ሌላው ሠራተኛ የጌሙን ዛፍና ተራራ ሲሠራ፣ እሷ ሰው ጣቱን የሚያሳርፍበትን ነገር ሁሉ ትሠራለች፤ በተኑን ማለትም የሚነካውን ቁልፍ፣ ጽሑፉን፣ ድምፁን፣ “እርግጠኛ ነዎት?” የምትለዋን ጥያቄ ሳትቀር። ያኔ ጌም ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚጫወቱት ነገር መሆኑ ቀርቷል። ስቱዲዮው ያወጣው ጌም “ሰፈር” ይባላል፤ ከተማው በሙሉ ጠዋት ሲነቃ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት የሰፈርን መነጽር ይፈልጋል። መነጽር ላላደረገ ሰው በር አይከፈትለትም፣ ጤና ጣቢያም ካርድ አያወጣለትም። ለጎረቤቱ “ደህና አደራችሁ” ያለ ነጥብ ያገኛል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ አንድ ደረጃ ያልፋል፤ እንባ ያፈሰሰ ደግሞ ሁለት። ሰው ከሰው ሲጣላ ሽማግሌ የሚመርጥለት ጌሙ ነው፣ ሲታረቅም ርችት የሚተኩስለት ጌሙ ነው። በየሰዉ ራስ ላይ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጤናውና ስለ ሆዱ የሚናገሩ ትናንሽ መስመሮች ይታያሉ፤ አረንጓዴ ከሆኑ ሁሉ ሰላም ነው። ሰዉ ከመልመዱ የተነሳ፣ ጉንፋን የያዘው እንኳ መስታወት ፊት ሄዶ መስመሩን ሳያይ “አሞኛል” አይልም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የእማዋይሽ እጅ አለበት። ልጅቷ የሰው አውራ ጣት የምታነበው ሌላው ጋዜጣ እንደሚያነበው ነው። ታክሲ ውስጥም፣ ሱቅ ደጃፍም፣ ቀብር ላይም ዓይኗ የሚያርፈው ሰው እጅ ላይ ነው። የሙሽራ ጣት የት መነካት እንደሚወድ፣ የሐዘንተኛ ጣት ወዴት እንደሚንሸራተት ታውቃለች። አንዱን በተን የጸጉር ስንጣቂ ያህል ወደ ግራ ለማስጠጋት ሳምንቱን ሙሉ ትከራከራለች፤ ከተጠጋ በኋላ ግን ከተማው በሙሉ “ዛሬ ምነው ደስ ደስ አለኝ?” እያለ ይውላል። በተኑ ሲነካ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ያገኘችው የባቄላ ቆሎ ስትቆረጥም ነው። ትክክለኛውን ቀጭታ ለመቅዳት ስቱዲዮውን በሙሉ ቆሎ አስቆርጥማ፣ ከዛፍ ሠሪዎቹ አንዱ እስካሁን በግራ መንጋጋው አያኝክም።

ከሁሉ የሚወራላት ግን የሊፍቱ ነገር ነው። ሊፍቶቹ ድሮ በለሰለሰ ድምፅ “ወደ የትኛው ፎቅ ይሄዳሉ?” ሲሉ፣ ሰው ከዕቃ ጋር ማውራት አፍሮ በደረጃ እያለከለከ ይወጣ ነበር። እማዋይሽ ያንን ድምፅ አወጣችና የታክሲ ረዳት ድምፅ አስገባችበት። «ላይ ላይ ላይ! አንድ ሰው የቀረው! ጠጋ በል ወንድም፣ ጠጋ በይ እናት!» ሲል ሰው ዕቃውን እየጣለ ሮጠ። ምንም ጉዳይ የሌለው ሳይቀር ጣሪያ ደርሶ ተመለሰ።

አንድ ቀን ከማእከል ትእዛዝ መጣ። ማእከል የሚባለው እጅግ ሩቅ አገር ያለ፣ የዓለሙን ጌም ሁሉ የሚያይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰው ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቅ የለም። ትእዛዙ፣ የየሕንፃው ወጥ ቤት ተነቅሎ ምግብም በሰፈር በኩል ይታደል ይላል። በምግብ ሰዓት ጌሙ ሁሉንም ይጠይቃል፤ “አዎ” ያለ ሰው ደጃፉ ድረስ ሰው አልባ ጋሪ በክዳን ሰሃን ይዞለት ይመጣል።

ማእከል ደግሞ አንድ የማይነካ ሕግ አለው። በድሮ ዘመን ጌሞች “ግዛ! አትገዛም? እርግጠኛ ነህ አትገዛም?” እያሉ ስንቱን ቤቱን አሽጠውታል። ስለዚህ ጌም ሰውን ስለ አንድ ነገር የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አይ ያለ፣ አይ ብሏል። የደገመ ጌም “ነዝናዛ” ተብሎ እዚያው ይዘጋል። ደግ ሕግ ነው። ደብረ ብርሃንን ግን አያውቃትም።

እማዋይሽ ከሠራቻቸው ገጾች ሁሉ የሚያምረውን ሠራች። “ምሳ ይቅረብልዎ?” የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት በተን። አንዱ “አዎ” ነው። ሁለተኛውን እንዲያው “አይ” ብላ ብትተወው ለጨዋ ሰው ደረቀባት። አገላብጣ አገላብጣ “አይ፣ ተመስገን” አለችው። የማለዳ ፀሐይ ቀለም ቀባችው። ሲነኩት ደግሞ እጅ እንደሚነሳ ሰው ዝቅ ብሎ ቀና እንዲል አደረገችው። ሰው ገና ሲያየው ወደደው፤ ስለወደደውም ነካው። በመጀመሪያው ቀን፣ ከሕፃናትና ከጥቂት ባለጌዎች በቀር፣ ከተማው በሙሉ “አይ፣ ተመስገን” አለ።

ታዲያ እውነት አልራበውም ማለት ነው? በየት አገር ነው ሰው በመጀመሪያው ጥሪ ማዕድ የሚቀርበው! ይጠራል፣ እምቢ ይላል። ይለመናል፣ “አሁን በልቼ መውጣቴ ነው” ይላል። በሞት ይገዘታል፣ ያኔ “እንግዲህ ካላችሁ” ብሎ እጁን ይታጠባል። ጌሙ ግን አንድ ጊዜ ጠርቶ “እሺ” ብሎ ሄደ። ሰዉ እጁን ታጥቦ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ሁለተኛውን ጥሪ ሲጠባበቅ ምሳ ሰዓት አለፈ። ራትም እንደዚያው። ሲብስበት መጋረጃ ዘግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ “አዎ” የሚል አልጠፋም፤ ከበላ በኋላ ግን ጎረቤት ፊት ቀና ብሎ ለመሄድ ቀናት ይፈጅበታል።

“አይ፣ ተመስገን” ያለ ሰው የሆዱ መስመር ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። ጠግቧላ። ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ ደብረ ብርሃንን “በዓለም እጅግ የጠገበች ከተማ” ብሎ አንደኛ አወጣት። ማእከል ለእማዋይሽ የምስጋና መልእክት ላከላት። ስቱዲዮው አጨበጨበ፤ ካጨበጨቡት አንዳንዶቹ ጭብጨባው አድክሟቸው ተቀመጡ።

ነገሩን የነገራት ሊፍቱ ነው። አንድ ጠዋት ሊፍቱ ውስጥ ሰው እንደ ክብሪት እንጨት ተጠቅጥቆ ሳለ፣ ረዳቱ «ገና ነው! ባዶ ነው! ሦስት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። እማዋይሽ ደነገጠች። ሊፍቱ የሚያውቀው ክብደት እንጂ ሰው አይደለም። እንደ ልማዷ እጅ አየች። ከፊቷ ያለ አንድ እጅ ላይ የጋብቻ ቀለበት እንዳይወልቅ በክር ታስሯል። ወዲያኛው እጅ ላይ የእጅ ሰዓት ክርን ድረስ ወጥቷል። ቀና ብላ የሰዉን ራስ አየች። ሁሉም አረንጓዴ ነው።

በክር የታሰረው ቀለበት የጋሽ ወንድይፍራው ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው ከእማዋይሽ በር ጎን የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። እማዋይሽ ከወላጆቿ ቤት ወጥታ እዚያ ሕንፃ ስትገባ የመጀመሪያውን “እንኳን ደህና መጣሽ” ያሏት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ አባት ማለት ናቸው። በውሸት ደግሞ የሚስተካከላቸው የለም። አንድ ጊዜ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ መንገዱን ስተው ጉሙ ላይ ነዱ። ጎማ ቢተነፍስባቸው እዚያው ጉሙ ላይ አቁመው፣ ክሪክ አስገብተው ለወጡ። ክሪኩን ረስተው ሲሄዱ ጉሙ ተገለጠ፤ ክሪኩ ታች ደብረ ሲና ገበያ መሐል ወድቆ፣ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ እስከ ዛሬ ይመዝንበታል። እንዲህ ናቸው ጋሽ ወንድይፍራው።

እማዋይሽ ያን ዕለት የራሷን ምሳ “አዎ” ብላ አስመጥታ፣ ሰሃኑን ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ምሳ በሉ?»

«እንዴታ!»

«ምን በሉ?»

«ያልበላሁት ምን አለ?»

«ሰሃኑ የታለ ታዲያ?»

«ሰሃኑንም በላሁት!»

ቁጭ ብላ ሰሃኗን ከፈተች። ሰሃኑ ግን ባለቤቱን ያውቃል፤ ለአንድ ሰው የተለካ ምግብ ነውና የሌላ ሰው አፍ ሲጠጋ ክዳኑ ይዘጋል። እማዋይሽ ጠቅልላ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ስትዘረጋ ክዳኑ ጥርቅም አለ፤ ጣቷን ለጥቂት ሳተ። እጇ ላይ አንድ ጉርሻ ብቻ ቀረ።

«በሞቴ ጋሼ!»

«አይሆንም።»

«በሞቴ አልኩ እኮ!»

«ልጄ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል። ሁለተኛው የታለ? ያ ሳጥን ዘጋብሽ። ከአንቺ ጋር ተጣልቼ ከማን ጋር ልኖር ነው?» ብለው እጇን ቀስ አድርገው መለሱ። «ደሞ ጣትሽን ጠብቂው። የከተማው ጣት ነው።»

«እሺ ነገ ሲጠይቅዎት “አዎ” የሚለውን ይንኩ።»

«ምን ብዬ?»

«ርቦኛል ብለው።»

«ለማን?»

«ለጌሙ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ጀርባቸውን አቀኑ። «እማዋ፣ እኔ ወንድይፍራው ለወለደችኝ እናቴ እንኳ ርቦኛል ብዬ አላውቅም። ማወቅ የሷ ፋንታ ነበር። ዛሬ ለመነጽር ልናገር?»

እማዋይሽ ስቱዲዮ ስትገባ ሥራ አስኪያጇን እትዬ ዘርፌንና ጌሙን የሚሞክረውን ጥላዬን ሰበሰበች።

«ከተማው ርቦታል» አለች።

እትዬ ዘርፌ ሰሌዳውን አዩ። «አንደኛ የወጣነው እኮ እኛ ነን።»

«በመጥገብ ሳይሆን በጨዋነት ነው እትዬ።»

«ጾም ይሆናላ» አለ ጥላዬ።

«ፋሲካን ያከበርነው የት ሆነህ ነው?»

ያን ሳምንት ያልሞከረችው የለም። “ርቦዎት ከሆነ አዎ ይበሉ” የሚል ማስታወቂያ አወጣች፤ ሰዉ “የተራቡ ሰዎች እየተፈለጉ ነው” ብሎ አወራና ጭራሽ አንድም ሰው አዎ ሳይል ቀረ። “አዎ” የሚለውን በተን የበር ያህል አሳደገችው፤ ሰዉ “ይህን ያህል ከተጋበዝንማ መቅለብለብ ነውር ነው” ብሎ ጣቱን በጥግ በጥግ አሹልኮ “አይ፣ ተመስገን”ን ፈልጎ ነካው። በመጨረሻ ያገር ደንብ ይከበር ብላ፣ አይ ያለውን ሰው “በሞቴ!” ብሎ ሁለተኛ የሚጠራ ገጽ ሠራች። እሱን ለከተማው ከመልቀቋ በፊት መርማሪው ያዛት።

መርማሪው የማእከል ማሽን ነው። ጌም ላይ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ብትለወጥ እሱ ሳያያት አታልፍም። አማርኛው የመማሪያ መጽሐፍ አማርኛ ነው፤ ለመመለስም ዓይን የሚርገበገብበትን ያህል ጊዜ አይወስድም። «ተጠቃሚው አይ ብሏል» አለ። «ሁለተኛው ጥሪ ንዝነዛ ነው። የሰውን መልስ ማክበር ግዴታ ነው።»

«መልሱ እኮ ገና አላለቀም!» አለች እማዋይሽ።

«አይ የሚለው ቃል ሙሉ ነው» አለ መርማሪው፤ ገጹም ጠፋ።

ጋሽ ወንድይፍራው በዚህ መሐል እየደከሙ ሄዱ። እማዋይሽ የምታውቀው በውሸታቸው ነው። መጀመሪያ የጣርማ በሩ ታሪክ አጠረ፤ ክሪኩ ደብረ ሲና መውደቁ ቀረና መንገድ ዳር ወደቀ። ቀጥሎ ጉሙ ቀጠነ። ከዚያ በኋላ መኪናው ራሱ ትንሽ ሆነ። አንድ ቀን ደግሞ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ሳለ፣ «ጉም አልነበረም። ዝም ብሎ ጎማ ተነፈሰ፣ ለወጥኩ፣ ሄድኩ» አሏት። እማዋይሽ እንዲህ ደንግጣ አታውቅም። ጋሽ ወንድይፍራው እውነት ተናገሩ! ራሳቸው ላይ ያለው መስመር የሜዳ ሣር መስሏል። ወደ ጤና ጣቢያው ብትደውል “ተጠቃሚው ጠግበዋል” አላት።

እንዲያ በሆነ በማግስቱ ስቱዲዮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ሆነ። ሦስቱንም በየመነጽራቸው ጌሙ ጠየቀ። እማዋይሽም ሐሳብ ላይ ሆና፣ እጇ ብቻውን ሄዶ “አይ፣ ተመስገን”ን ነካ። ጥላዬም ነካ። እትዬ ዘርፌም ነኩ። በተኑ ሦስት ጊዜ እጅ ነሳ።

ትንሽ ቆይቶ ጥላዬ ወንበሩን አስጠጋ። «ስሚ፣ እትዬ ዘርፌ ዛሬም ሳይበሉ ዋሉ እኮ። አንድ ነገር በያቸው፣ እኔን አይሰሙኝም።»

ጥላዬ ዞር ሲል እትዬ ዘርፌ መጡ። «ይሄ ልጅ ምነው እንዲህ አመድ መሰለ? አስገድጂው እንጂ እማዋይሽ! የሰው ልጅ ነው እኮ።»

«እርስዎስ በሉ?»

«እኔን ተዪኝ!»

እማዋይሽ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ጥላዬን አየች። ቀጥላም ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች። ከተማው በሙሉ ርቦታል፤ ከተማው በሙሉ ግን የሚያስበው ስለ ጎረቤቱ ሆድ ነው። ስለ ራሱ “አዎ” ማለት ሞቱ የሆነ ሰው፣ ስለ ሌላው ከሆነ ጣቱ እስኪላጥ ይነካል!

ፀሐይ ሳትዞር ሠርታ ጨረሰች። እንደዚያን ቀን የሠራ ሰው አልታየም፤ ጣቶቿ ከመፍጠናቸው የተነሳ አንዳንዱ ፊደል ከመጻፉ በፊት ይነበብ ነበር ይላሉ። አዲሱ ገጽ ሰውን ስለ ራሱ ምንም አይጠይቀውም። በፎቁ ላይ ያሉትን ቤተሰብና ጎረቤቶች ስም ይደረድርና በእያንዳንዱ ስም ላይ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል፤ “ምሳ ይቅረብላቸው?” አዎ፣ ወይም አይ።

መርማሪው አየው። «የሚበላው ሰው አንድ፣ የሚጠየቀው ሰው ሌላ ነው» አለ። «ይህ ስህተት ይመስላል።»

«ሕጉን ግን አላፈረሰም» አለች።

«አላፈረሰም። በአንድ ሕንፃ ይሞከር። እንደ ደንቡ እኔ ራሴ እንደ ነዋሪ ገብቼ እመለከታለሁ። ፍርዴን ፀሐይ ስትገባ እሰጣለሁ። ስህተት ከሆነ በዚህ ከተማ ዳግመኛ አይሞከርም።»

እማዋይሽ የራሷን ሕንፃ መረጠች። ጋሽ ወንድይፍራው ሌላ ሙከራ የሚጠብቁበት አቅም እንደሌላቸው ታውቃለች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀች። ሰዓቱ ሲደርስ ገጹ በየመነጽሩ ወጣ። ሰዉ አዲሱን ገጽ እያነበበ ነው። ቀጥሎ ከታች ፎቅ አንድ ቀጭ፣ ከላይ አንድ ቀጭ፤ ከዚያ መቶ ፈረስ ገብስ ማኘክ የጀመረ መሰለ። “አይ” የነካች አንዲት ሴት ብቻ ናት ይባላል፤ ከባሏ ጋር ተኳርፋ ነው። እሷም በነካች ቅጽበት ኮሪደሩን በባዶ እግሯ አቋርጣ ጎረቤቷን «በናትሽ ባሌን ንኪልኝ!» ብላ ለመነች። ጋሪዎቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ኮሪደሩ ላይ ተጨናንቀው ይገፋፉ ጀመር። ሊፍቱ «ሞልቷል! በቃ ሞልቷል!» እያለ ሲጮህ ከስንት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው ደጃፍ የጋሪ ሰልፍ ቆመ። እማዋይሽ ሰሃኑን አስገባች።

ሽማግሌው በክርናቸው ቀና አሉ። «ይሄ የማን ነው? እኔ አላዘዝኩም!»

«እርስዎን ማን ጠየቀዎት ጋሼ? የተጠየቅነው እኛ ነን።»

«እናንተ እነማን?»

«እኔ፣ ከዳር ያለው ጎሚስታ፣ መንታ የወለደችው ልጅ፣ እነዚያ የማይነጋገሩት ባልና ሚስት ሳይቀሩ። ስማቸው ክዳኑ ላይ አለልዎት፤ ያንብቡት።»

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። አንዱን ስም ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይሄ ጎሚስታ… እኔ እኮ ሰላምታውን ሁሉ በቅጡ አልመልስለትም ነበር።»

«ልመልስለት ሰሃኑን?»

«አንቺ ምን አይነቷ ነሽ! የሰው እጅ ይመለሳል?» ብለው ተቆጡ። ተነስተው እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። «እንግዲህ ከሰው ከመጣማ ምን ይደረጋል…»

በሉ። ራሳቸው ላይ ያለው መስመር አልተለወጠም፤ ድሮም አረንጓዴ ነበር። ፊታቸው ላይ ግን ደም ቀስ እያለ ወጣ። ሁለተኛው ሰሃን ላይ ሲደርሱ ለስላሳ ሳል ሳሉና ጀመሩ።

«እኔ እኮ ርቦኝ አልነበረም። ሆዴን ሶደሬ ለፍል ውሃ ልኬው ነው። በባቡር ነው የሄደው። ዛሬ ጠዋት ሲመለስ በር ላይ ተጋጠምን፤ ወፍሮ፣ ቀልቶ፣ አላውቀውም ብዬ መታወቂያ ጠየቅሁት።»

እማዋይሽ እየሳቀች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ወዲህ መስኮቱን ነበር የምታየው። ፀሐይዋ ወደ ጣሪያዎቹ ጠጋ ብላለች። መርማሪው ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም። መነጽሯ ጥግ ላይ ፍርዱ የሚጻፍባት ባዶ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። “ይቁም” ካለ፣ ነገ ምሳ ሰዓት ጋሽ ወንድይፍራው ያችን እጅ የምትነሳ በተን ብቻቸውን ይጋፈጣሉ፤ ከተማውም እንደዚያው።

ጋሽ ወንድይፍራው አፋቸውን ጠራርገው የጎረቤቶቹን ስም እየተከተሉ ለራት “አዎ” ይነካሉ። አንዱ ስም ላይ ቆሙ።

«ይሄ ማነው? ባዶው ክፍል ሰው ገብቶበታል እንዴ?»

«እሱ መርማሪው ነው ጋሼ። ለሙከራው እንደ ነዋሪ ገብቶ ነው። ሰው አይደለም፣ ይለፉት።»

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከማእከል።»

«ሩቅ ነው?»

«እጅግ ሩቅ።»

«ከመጣ ማን ጋበዘው?»

እማዋይሽ እጃቸውን ለመያዝ ተንጠራራች። «ጋሼ፣ ሊፈርድብን ነው እኮ የመጣው! እንዳይነኩት፣ ተሳለቁብኝ ይላል፣ ጉድ እንሆናለን!»

«ሊፈርድ የመጣ ሰው ምግብ አይበላም ያለሽ ማነው?» ብለው ነኩት።

ጋሪው መጣ። በኮሪደሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ ባዶው ክፍል ደጃፍ ላይ ሰሃኑን አስቀመጠና ፈቀቅ አለ። ሰሃኑ ይተናል። የጋሪ ድምፅ የሰማ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ አየ፤ ትንሽ ቆይቶ ኮሪደሩ በሰው ሞላ። ጎሚስታው መጣ፣ መንታዎቹን ያዘለችው መጣች። የማን ሰሃን እንደሆነ ሲሰሙ ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት ብቻ «እንዳይቀዘቅዝበት» አለች።

ፀሐይዋ ገባች። የፍርዱ መስመር አሁንም ባዶ ነው። ዓይን የሚርገበገብበትን ያህል ጊዜ የማይወስደው መርማሪ፣ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እግሩን እስኪቀያይር ዘገየ። እማዋይሽ የሰዉን እጅ አየች፤ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዟል።

በድንገት በሁሉም መነጽር ላይ ጽሑፉ ወጣ። “ይቁም” አይልም። “ይቀጥል”ም አይልም።

«ስለ እኔ አትቸገሩ» ይላል።

ጋሽ ወንድይፍራው አንብበው ወደ እማዋይሽ ዞሩ።

«ሰማሽ?» አሏት፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ርቦታል።»